የሊቀ ሰፋያን ግዛቸው ሰንጢ ወደ ዝዋይ የዘመተችበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ የቁስቋም መንገድ ለሦስተኛ ጊዜ ተቆፍሮ ለሁለተኛ ጊዜ በተረሳበት ዓመት፣ ሊቀ ሰፋያን ግዛቸው በእቴጌ ደሳለች ላይ በነገሡ በሃያ ሦስተኛው ዓመት (ይህን ሚስታቸው እቴጌ ደሳለች ከጀርባችን ቆመው ስላነበቡት እናርመዋለን)፣ እቴጌ ደሳለች በግዛቸው ላይ በነገሡ በሃያ ሦስተኛው ዓመት፣ ወርኃ መስከረም በባተ በሃያ አንደኛው ቀን፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም ያለውን የቀሚስ ጥለት ሁሉ በአንዲት የእግር ስፌት መኪና የሚገዙት፣ መርፌ ከድቷቸው የማያውቅ፣ መነጽራቸው ግን በየቀኑ የሚከዳቸው፣ ስመ ጥሩው ልብስ ሰፊ ክፉ መሐላ ማሉ። የመሐላቸውም ዜና ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት የቁስቋሙ የማርያም ማኅበር ኅዳር ጽዮንን ለማክበር በዝዋይ ሐይቅ ወዳለው ደሴት ገዳም በጀልባ ሲሻገር፣ የማኅበሩን ዳቦ መቁረጫ ካራ የያዙት ግዛቸው ነበሩ፤ ካራውም እጀታው የወይራ፣ ከማኅበሩ ጋር አብሮ ያረጀ፣ ከአባላቱ ከግማሾቹ ይልቅ የሚከበር ነበር፤ ግዛቸውም ከጀልባዋ ጠርዝ ጎንበስ ብለው ላለቅልቀው ሲሉ ሐይቁ ከእጃቸው ተቀበላቸው፤ ሠላሳ አንዱ ማኅበርተኛም ድፎውን በእጁ እየቦጨቀ በላ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ጽዋ በተነሣ ቁጥር ለዚያ ካራ ነፍስ ይማር ይባል ነበር።

በመስከረሙ ማኅበር ደግሞ አቶ ስብሐት፣ የማኅበሩ ሙሴ ማለትም መሪ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ ጠመኔ ከጣሉ ወዲህ እንኳ ሰውን ሁሉ እንደ ስምንተኛ ክፍል የሚያዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አወጁ፦ «ዘንድሮ ቢላውን ሌላ ሰው ይያዝ። አቶ ግዛቸው ሻማ ይያዙ፤ ሻማ ይንሳፈፋል።»

ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እቴጌ ደሳለች ግን አልሳቁም፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ። ግዛቸው ይህን አዩ፣ ደማቸው ፈላ፣ ብድግ ብለው ወደ ጽዋው ሄዱና እጃቸውን ጭነውበት እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ቢላ የምይዘው እኔ ነኝ። የምገዛው ቢላ ደሴቱ ላይ ዳቦውን ቆርጦ ቁስቋም ካልተመለሰ፣ እኔም ቤቴም ከዚህ ማኅበር ወጥተናል።» ሳቁ ተቆረጠ። በጽዋ ላይ የተማለ በዚያ ቤት ተመልሶ አያውቅም፤ ይህ ማኅበር ደግሞ ለእቴጌ ደሳለች እናታቸው ሲሞቱ ድንኳን የተከለላቸው፣ ታመው ሲተኙ ተራ ገብቶ ያስታመማቸው፣ ከወር እስከ ወር ቀን የሚቆጥሩለት የአሥራ ሰባት ዓመት ቤታቸው ነው። 

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ፣ ሊቀ ሰፋያን በታክሲ ሰልፍ አርባ ደቂቃ ጸንተው፣ ሁለት ሰው በሚይዝ ወንበር አራተኛ ሆነው ተጭነው፣ ወደ አዲሱ ገበያ ዘመቱ፤ ከሪሐና የብረታ ብረት ሱቅም ገቡ። በዚያም የሽንኩርት ቢላ በደርዘን፣ የበሬ ካራ በየመጠኑ፣ ሰገባው ቀይ የሆነ ጩቤ፣ ዶሮ የሚፈራው ዓይነት ስለት ሁሉ ተሰልፎ ነበር፤ ግዛቸውም እንደ ወንድ ወደ ትልቁ ካራ እጃቸውን ዘረጉ።

ሪሐና ግን ባሏ የዝዋይ ዓሣ አጥማጅ ነበርና ለምን እንደሆነ ጠይቃ፣ ካራውን ከእጃቸው ወስዳ አወጀች፦ «አባባ፣ ይሄ ለጀልባ አይሆንም። ጀልባ ይወዛወዛል፤ እንዲህ ያለ ሹል ነገር ይዘው ከተነሡ የሚቆረጠው ዳቦው ሳይሆን አጠገብዎ ያለው ሰው ነው። ለውኃ አጠር ያለ፣ የማይዝግ፣ በአንድ እጅ የሚከፈት ነው የሚያዘው፤ ሌላው እጅዎ ጀልባውን መያዝ አለበት። ለገመድና ለመረብ ጥርስ ያለው ስለት ይኑረው። ቂጡ ላይ ማሰሪያ ቀዳዳ ከሌለው ግን አይግዙኝ፤ ለሐይቁ ስጦታ ነው የሚሆነው።»

ይህ የመጨረሻው ቃል የግዛቸውን ልብ ወጋው። ሪሐናም ከባንኮኒው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች፣ ስትዘረጋ ፒንሳ የምትሆን አንዲት ሰንጢ አወጣች፤ በሆዷም ሹማምንት ታጥቀው ተኝተው ነበር፤ እነርሱም በቀኝ ደጃዝማች ስለት፣ በግራ ደጃዝማች ጥርሶ ገመድ በላ፣ ፊታውራሪ መጋዝ፣ ቀኛዝማች መቀስ ከጥፍር በቀር ምንም የማይደፍር፣ ግራዝማች ካቻቪቴ ከመንታ ወንድሙ ጋር፣ ባላምባራስ ቆርኪ መክፈቻ በሰላም ጊዜ ከሁሉ ይልቅ የሚለፋ፣ በመጨረሻም ሥራው ያልታወቀ አንድ ቆልማማ ብረት፣ በየመሥሪያ ቤቱ እንዳሉት አማካሪዎች ቦታ ይዞ የሚኖር። ስለ እርሱ ስትጠየቅ ሪሐና «አብሮ ነው የሚመጣው» ብላ አወጀች። ዋጋዋን እቴጌ ስለሚያነቡት አንጽፈውም።

ከጥቅምት መባቻ ጀምሮ ሊቀ ሰፋያን ከሥራ ሲገቡ ከበራፋቸው ተቀምጠው በአንድ እጅ መክፈት ይለማመዱ ነበር፤ በዚህም ሰልፍ የቀኝ አውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆሰለ፣ አንድ ሱሪ ከጉልበቱ ላይ ተሰዋ። ከጥለት ክር ስድስት እጥፍ ገምደው፣ በሰም ለቅልቀው፣ በሰንጢዋ ቀዳዳ አስገብተው ከቀበቷቸው አሰሯት። እስከዚህ ድረስ ሁሉ መልካም ነበር።

ችግሩ ቅባቱ ላይ መጣ። መጀመሪያ በስፌት መኪና ዘይት ቀቧት፤ ቁርስ ላይ ሲሞክሯት እቴጌ አንድ ጉርሻ ቀምሰው መልሰው አስቀመጡና «የማርያም ዳቦ ናፍታ ናፍታ እያለ አይበላም» ሲሉ አወጁ። ቀጥሎ በኑግ ዘይት ቀቧት፤ በአምስተኛው ቀን ዘይቱ እንደ ሙጫ ደርቆ ሹማምንቱን ሁሉ እርስ በርስ አጣበቀና ደጃዝማቾቹን ከሰፈራቸው ለማስወጣት ግማሽ ቀን፣ አንድ ጀበና ሙሉ ሙቅ ውኃና የእቴጌ የጥርስ ብሩሽ ጠፋ። ከዚያም ኅዳር አሥራ አራት ቀን፣ በነቢያት ጾም ዋዜማ፣ ግዛቸው ጓዳ ገብተው እቴጌ ለጠጉራቸው ካስቀመጡት ለጋ ቅቤ ዘገን አድርገው ሰንጢዋን ከራስ እስከ እግሯ አሿት፤ ሹማምንቱም ያለ ድምፅ ይወጡ ይገቡ ጀመር፤ ግዛቸውም ደስ ብሏቸው በጨርቅ ጠቅልለው ሸሸጓት። የጾም ድስትና የፍስክ ድስት፣ የጾም ጭልፋና የፍስክ ጭልፋ ተለይቶ በሚቀመጥበት ቤት ተወልደው ያረጁ ሰው ይህን እንዴት እንዳደረጉት እስከ ዛሬ አልገባንም።

ኅዳር ሃያ ቀን፣ ጾሙ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ ማኅበሩ ጎህ ሳይቀድ ከቁስቋም ተነሥቶ ዝዋይ ደረሰ፤ በባለ ጀልባው በደቻሳ ጀልባም ተሳፈረ። ሙሴው ከፊት፣ የማኅበሩ የንስሐ አባት መምሬ ከኋላቸው፣ ሠላሳ አንዱ ሕዝብ በሰሌን ተነባብሮ፣ ድፎ ዳቦው እንደ ታቦት በነጠላ ተሸፍኖ መሐል፣ ግዛቸውም ከዳቦው አጠገብ እጃቸውን ቀበቷቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ፀሐይዋም በረታች።

በሐይቁ እኩሌታ ላይ አቶ ስብሐት አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ወደ አራቱ ማዕዘን አሸተቱና አወጁ፦ «በዚህ ጀልባ ላይ ቅቤ አለ።» ታላቅ ሽብር ሆነ። ሴቶቹ አንዷ የሌላዋን ራስ አሸተተች፣ ወንዶቹ የገዛ ጋቢያቸውን ጠረጠሩ፣ ሦስት ስንቅ ተፈትሾ ሽሮና ቆሎ ብቻ ተገኘ፤ በመጨረሻም በሊቀ ሰፋያን ሱሪ ላይ ከቀበቷቸው ጀምሮ እስከ ጉልበታቸው የወረደ ቢጫ መስመር ታየ። ሰንጢዋ ተፈታች፤ በፀሐዩም ታበራ ነበር። መምሬ አሸተት አደረጓትና «ቢላዋ ፍስክ ናት፤ ዳቦ አትቆርጥም» ሲሉ ፈረዱ፤ እቴጌ ደሳለችም በዝግታ «የጠጉሬ ቅቤ ነው» ሲሉ አወጁ። ግዛቸው ሐይቁን አዩት፤ ከነነፍሳቸው ገብተው ካለፈው ዓመቱ ካራ አጠገብ መተኛት አማራቸው።

በዚህ ጊዜ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረምርሞ ቀጥ አለ። የተጣለ የዓሣ መረብ በውኃ ውስጥ በሚዞረው የሞተሩ ክንፍ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ነፋስም ተነሥቶ ጀልባዋን በጎኗ ይገፋት ጀመር፤ ዝማሬው ወደ እግዚኦታ ተለወጠ። ደቻሳ ከመቀመጫው ሥር የገዛ ቢላውን አወጣ፤ ቢላው ግን ስንት ክረምት ሳይደርቅና ሳይቀባ ኖሮ ከሰገባው ጋር በዝገት ተጋብቶ ነበር፤ ቢጎትተው እጀታው ብቻ ተነቅሎ ወጣ። ሁሉም እጀታውን አየ፣ ቀጥሎም ሁሉም ግዛቸውን አየ።

ሊቀ ሰፋያንም ተነሡ፤ በጀልባዋ ኋላ በሆዳቸው ተዘረጉ፤ አቶ ስብሐት ሳይወዱ በግድ ሁለት እግራቸውን አቅፈው ያዙ፤ ግዛቸው በግራ እጃቸው ጀልባዋን ጨብጠው በቀኛቸው ደጃዝማች ጥርሶን ከፈቱት፣ በቅቤም ታሽቶ ነበርና እንደ ሐር ተከፈተ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ክንዳቸው እስከ ብብታቸው ውኃ ውስጥ ሆኖ መረቡን ዘነጠሉት፤ ሰንጢዋ ሦስት ጊዜ ከእጃቸው አመለጠች፣ ሦስቱንም ጊዜ የጥለቱ ገመድ መለሳት፤ ጥርሶ የበጠሰውን ፒንሳ ጎትቶ አወጣው፤ ቆልማማው ብረት ግን በዚህም ቀን ምንም አልሠራም። ሞተሩ ሲነሣ እልልታ ሆነ፣ አቶ ስብሐትም የያዙትን እግር መልቀቅ ረስተው ጀልባዋ ደሴቱ ጋ ልትደርስ ስትል ነው ትዝ ያላቸው።

ከደሴቱ ዳር ሰንጢዋ በአሸዋና በአመድ ታሽታ፣ በሙቅ ውኃ ታጥባ፣ እንደገና ለፍርድ ቀረበች። መምሬ በአንዱም በሌላውም አፍንጫቸው አሽትተው አወጁ፦ «ቅቤው ለቋል። አሁን የሚሸተኝ ዓሣ ነው፤ በዓሣው ሌላ ቀን እንከራከራለን። ትቁረጥ።» ቆረጠችም፤ ዳቦው እንደ ፍራሽ የወፈረ፣ እርሷ ሦስት ጣት የማትሞላ ስለሆነች አንድ ሰዓት ፈጀ፣ የመጨረሻው ቁራሽ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ በልተው ርቧቸው ነበር፤ ነገር ግን ማንም አልቦጨቀም። አቶ ስብሐት ድርሻቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። እቴጌ ደሳለች ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ሳቁ።

በማግስቱ በዓሉ ከብሮ፣ ሃያ ሁለት ቀን ተመልሰው ሲሻገሩ፣ ሕዝቡ ወርዶ ዕቃውን ወደ አውቶቡሱ ሲያመላልስ ደቻሳ ሰንጢዋን ላያት ብሎ ተቀበለ፤ እያገላበጠም ቆየና አወጀ፦ «በክረምቱ ወንድሜን ገመድ እግሩን ይዞት ወደ ታች ሲስበው በጥርሴ ነው የቆረጥኩት። ሊሞትብኝ ነበር።» ሌላ ምንም አልጠየቀም፤ ሊመልስላቸውም እጁን ዘረጋ። ሊቀ ሰፋያን አልተቀበሉትም። የጥለቱን ገመድ ከቀበቷቸው ፈቱና በደቻሳ ቀበቶ ላይ እያሰሩ አወጁ፦ «ከሐይቅ ስትወጣ በንጹሕ ውኃ እጠባት፣ ሁሉንም ከፍተህ ፀሐይ አስመታት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት፤ ብዙ አይደለም፣ ጠብታ ብቻ። ቅቤ አታስነካት።» እቴጌ ደሳለችም ከዳር ቆመው ሁሉን ያዩ ነበር።

በአውቶቡሱ እቴጌ የተረፋቸውን ቁራሽ ዳቦ ከሁለት ከፍለው ትልቁን ሰጧቸው።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን ማኅበሩ በአቶ ስብሐት ቤት ተሰበሰበ፤ ሙሴውም በደግ ልብ፣ ሰንጢዋ ወጥታ በሕዝብ ፊት ትመረቅ ዘንድ አዘዙ። ግዛቸው ተነሡና አወጁ፦ «ዳቦውን ቆርጣለች። ቁስቋም ግን አልተመለሰችም፤ ለባለ ጀልባው ሰጥቻታለሁ። በጽዋ የማልኩትን አላጥፍም።» ባርኔጣቸውንም አነሡ። መምሬ ይቅር እንላለን አሉ፤ አቶ ስብሐት እንኳ «ያን ቀን እግርዎን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቁጭ ይበሉ» ሲሉ አወጁ፤ ግዛቸው ግን ግትር ሰው ናቸውና፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ወደ በሩ ሄዱ፤ እዚያም ቆመው ሚስታቸውን ጠበቁ።

እቴጌ ደሳለች ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። ብርጭቋቸውን በእርጋታ አስቀምጠው አወጁ፦ «እሱ ምሏል፣ ይውጣ። እኔ አልማልኩም። ቤቱም አልማለም፤ ግማሹ የእኔ ነው። የጥር ማርያም ተራ ደግሞ የእኛ ነው፣ ጌሾው ተገዝቷል። ስለዚህ ግዛቸው፣ ከማኅበሩ ወጥተህ የምትሄደው ማኅበሩ ወደሚመጣበት ቤት ነው፤ ስትገባ ወንበሮቹን አውርድ።»

ጥር ሃያ አንድ ቀን ሠላሳው ማኅበርተኛ በግዛቸው ቤት ሲሰበሰብ፣ ሊቀ ሰፋያን ውኃ አስታጠቡ፣ ጠላ ቀዱ፣ ዳቦ አዞሩ፤ የማኅበሩ ሰው አይደሉምና በገዛ ቤታቸው አልተቀመጡም። የጽዋው መክፈልት ታድሎ ሲያልቅ በሩ ሥር ባለው ዱካ በርጩማ አጠገብ ቆመው አንድ አዲስ ሰው፣ እርሱም ግዛቸው የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ማኅበሩ እንዲቀበለው ሲሉ በትሕትና አወጁ። ማኅበሩም ተማክሮ ተቀበለ፤ በሥርዓቱም መሠረት አዲስ ገቢ ከሁሉ በታች ይቀመጣል፣ ለታላላቆቹም ይታዘዛል።

እነሆ ግዛቸው፣ የዝዋይን መረብ የበጠሱ፣ የገዛ መሐላቸውን ግን ያልበጠሱ፣ ሠላሳ ነፍስ ከነዳቦው ያሻገሩ፣ ጀግንነታቸውን ለሚያስፈልገው ሰው በገመዱ አስረው የሰጡ፣ ስማቸው ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ይጠራ! በዚያች ቀን በዱካው ላይ ሲቀመጡ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ በማኅበሩ የአሥራ ሰባት ዓመት ታላቃቸው የሆኑት እቴጌ ደሳለችም ከላይኛው ወንበር ባዶ ብርጭቋቸውን አሳዩአቸው፤ ግዛቸውም ተነሥተው ቀዱ።