አቶ አጥናፉን ይውሰዱልን

በየአገሩ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የሌላ ሰው ሥራ ካላረመ እህል አይዋጥለትም። በሃምሳዎቹ ዓመታት ለአሰበ ተፈሪ ገጠር የደረሱት ክቡር አቶ አጥናፉ ነበሩ፤ ከመንዝ ተመድበው የመጡ የእርሻ ሠራተኛ፣ የቦይ ሁሉ አዛዥ፣ የፈሰሰ ውሃ ሁሉ ጠበቃ።

ገበሬው በክሪ እኚህን ሰው ምን በድሎ እንደታዘዙበት አላህን ሳይጠይቅ ውሎ አያውቅም። ገና ሰላምታው ሳያልቅ "ውሃው የት ነው የሚሄደው?" ይላሉ። ሠርግ ቤት ተጠርተው የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ ሲከተሉ ሙሽራው ገባ፤ እሳቸው አካፋ ይዘው ጓሮ ተገኙ። መስጊድ ደጃፍ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የዉዱእ ውሃ በከንቱ ይፈሳል ብለው ሙዝ አስተከሉ። ሙዙ ደግሞ አፈራ፤ በክሪን ይበልጥ ያናደደው ይኸው ነበር።

ዋናው ጠባቸው ግን በበክሪ እርሻ ላይ ነው። ባገሩ ልማድ የወንዙን ውሃ ከላይ ያለው ገበሬ "በቃኝ" እስኪል ይይዘዋል። ቶሎ "በቃኝ" ማለት ደግሞ ድህነት ያስመስላል። ስለዚህ ከሁሉ በላይ ያለው በክሪ ጫቱ እስኪዋኝ ያጠጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆንበት "ውሃ አንሶት ነው" ብሎ ይጨምርበታል። ከቦዩ መጨረሻ ያለችው እህቱ ሞሚና፣ ባሏ የሞተባት፣ ሽንኩርቷ በየበጋው ይደርቅባታል። ዘንድሮም ከደረቀ ልጆቿን ይዛ ድሬዳዋ ሰው ቤት ልትገባ ቆርጣለች።

"ጋሽ በክሪ፣ ጫትዎ እኮ ጠጥቶ ሰከረ! በፈር በፈር ይልቀቁለት፤ ውሃው ጫፍ ሳይደርስ ይዝጉ" ይላሉ አቶ አጥናፉ።

"የኔ ጫት እስላም ነው፣ አይሰክርም!"

አቶ አጥናፉ ግን ከቦዩ ዳር ንቅንቅ አይሉም። በክሪ በመጨረሻ ይዘጋል፤ አምኖ ሳይሆን ከምላሳቸው ለመገላገል። ሲሄዱለት መልሶ ይከፍታል፤ ከጫቱ መሀል ብቅ ብለው ራሳቸው ይዘጉታል። አማቾቹ ፊት ስለ ውሃ አያያዝ የገሠጹት ዕለት ትዕግሥቱ አለቀ። በማግሥቱ ማለዳ የጫት መኪና ላይ ተሳፍሮ አሰበ ተፈሪ፣ አለቃቸው አቶ ጎበዜ ፊት ቀረበ።

"ጌታዬ፣ ይሄን ሰውዬ ውሰዱልን። ወላሂ፣ በገዛ እርሻዬ እንግዳ ሆንኩ!"

የአለቃው ፊት በራ። "እሰይ! የቦኬ ወረዳ ገበሬዎች ሰው ስጡን ብለው ነዝንዘውኛል። ሰኞ ይሄዳል።"

በክሪ ደስ ሊለው ሲገባ የጧቱ ነገር ትዝ አለው። ጧት ወደ መኪናው ሲወርድ በሞሚና እርሻ በኩል አልፏል። ሽንኩርቱ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል። እሷም መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ስትኮተኩት "ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ" ብላዋለች። ምን አድርጎላት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባውም ነበር፤ አሁን ገባው፣ አፈረም።

"የፊታችን ሰኞ?" አለ።

"አዎ።"

"አይሆንም ጌታዬ።"

"አሁን ውሰዱልን አላሉም እንዴ?"

"ብያለሁ። ግን የእህቴ ሽንኩርት ገና አልደረሰም። እሱ ከሄደ ውሃውን ከላይ ማን ያስዘጋልናል?"

"የሚከፍተውስ ማነው?"

በክሪ መሬት መሬት እያየ "እኔ ነኛ" አለ። ራሱን ያውቃል፤ ያ ነዝናዛ ካልቆመበት ሰኞ ማታውኑ ለቆ እንደሚያጥለቀልቀው ያውቃል። ሰውዬውን እንደሚወደውም ያወቀው እዚያው ወንበር ላይ ነው፤ በጣም ተናደደ።

አቶ ጎበዜ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። "ክሱስ ታዲያ ይቅር?"

"ለምን ይቀራል? ክስ ክስ ነው፤ ጠርተው ይቆጡልኝ" አለ በክሪ እየተነሳ። "ዛሬ ግን አይጥሩት። ውሃ ለቅቄ ነው የመጣሁት።"