ቡሬ የገባው የሬጌ ዘፋኝ

ጎጃም ውስጥ ግጥም ለመሸጥ መሞከር ዓባይ ዳር ቆሞ ውኃ እንደመሸጥ ነው። ገበሬው ይገጥማል፣ ጠላ ሻጯ ትገጥማለች፣ የደብተራውንማ ተወው። ታዲያ ከባሕር ማዶ ዘፈን ይዞ የመጣ ሰው ምን ይሁን? ለወሬ ማሟያ እንዳይመስልህ። እንዲህ ያለ ሰው ወዳጄ ነው።

ስሙ ዴልሮይ ነው፤ ጃማይካዊ። ሬጌ ይዘፍናል፣ ግጥምና ዜማውንም ራሱ ይሠራል። ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ የአያቶቼ አገር ነው ብሎ ጃማይካውያን ከሰፈሩበት ሻሸመኔ መጣ። እዚያ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሬጌ ዘፋኝ ሆነበት። ሁሉ ከዘፈነ ማን ይስማ? በዚህ መሀል ይታይሽን አገኘ። ነርስ ናት፣ የቡሬ ልጅ። እሷ ወደ ፍኖተ ሰላም ስትዛወር ጊታሩን አንግቶ ተከተላት፤ ተጋቡ። ከተማውም ዴልሮይ ማለት ቢያስቸግረው «ደለለኝ» ብሎ ክርስትና አነሳው።

እኔ እዚያው እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር አስተርጓሚው ሆንኩ። ጸጉሩ ተገምዶ ወገቡ ደርሷል። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ እናቶች ባሕታዊ መስሏቸው ጎንበስ ይሉለታል። እሱ ሰላምታ መስሎት እጁን ያነሳል። እነሱም ተባርከው ይሄዳሉ። ማን ተጎዳ?

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ይዘፍን ነበር። ሰው በጨዋነት ያዳምጣል፣ በጨዋነት ያጨበጭባል፣ ከዚያም በጨዋነት የእስክስታ ካሴት ይከፈትልን ይላል። አማርኛ ሲለምድ በአማርኛ ገጠመ። ባሰ። በእንግሊዝኛ ሲዘፍን ስላልገባን ጥልቅ ነገር ይመስለን ነበር፤ በአማርኛ ሲዘፍን ግን ገባን። አዲስ አበባ ሄዶ ካሴት አሳተመ። ካሴቱ የቡሬ ሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ እየመታው ነጣ።

ያን ሰሞን ሆድ ባሰው። ሰሚ የሌለው ዘፋኝ ከምሆን አገሬ ገብቼ ዓሣ ባጠምድ ይሻለኛል ይላል ብላ ይታይሽ በጭንቀት አዋየችኝ።

ያቆየው አማቱ ናቸው። አያ ደምሌ ከቡሬ ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው ዘፋኝ ላገባ ነው ስትላቸው፣ መዝፈኑንስ ሰማሁ፤ ሥራው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ አሉ። በመኸር ጊዜ ደለለኝ ሊያግዛቸው ሄደ። ማጭድ ቢይዝ እጁን ቆረጠ። አውድማው ዳር አስቀመጡትና ጊታሩን ይመታ ጀመር። በሬዎቹም በሬጌው ምት ጤፉን እየረገጡ ዞሩ። አያ ደምሌ ሲያዩ ቆይተው፣ «ለከብት ይስማማል» አሉ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ ያለ ምስጋና አልሰማሁም እያለ ደለለኝ ሲስቅ ሰነበተ። ከዚያ ወዲያ ከአውድማው ቀርቶ አያውቅም። እሳቸውም «ልጄ» ይሉት ጀመር።

አንቱታ ብቻ አልሆነለትም። አማቱን ያለ ሐፍረት «አንተ» ይላቸዋል። ይታይሽ ትሸማቀቃለች፤ እኔ አርመዋለሁ። አያ ደምሌ ግን፣ ተወው እንጂ መምህር፣ እግዜርንስ አንተ አይደል የምንለው ይሉኛል።

አያ ደምሌ ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እንደ አገሩ ወግ፣ ለቅሶው ላይ ልጅም አማችም በየተራ እየተነሳ ግጥም ያወርዳል። ተራው ደለለኝ ዘንድ ሲደርስ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። እኔ ጉድ ፈላ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ጊታር የለ፣ ማይክሮፎን የለ። ወደ አስከሬኑ ቀረበና በዝግታ እንዲህ አለ፦

እንግዳህ እኔ ነኝ ከሩቅ የመጣሁ፣
ምነው አንተን ሸኝቼ እኔ ቤት ቀረሁ።

ያቺ «አንተ» ማንንም አላስቀየመችም። ለካ ሙሾ ላይ ሽማግሌውም አንተ ነው። አልቃሿ ግጥሙን ከአፉ ተቀበለችው፤ ሜዳው በለቅሶ ተናወጠ። ይታይሽ መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ደለለኝ ከዚያን ቀን ወዲህ የዓሣ ማጥመድን ነገር አላነሳም።

ዓመታት አለፉ። የአንድ ባልደረባዬ እናት ሞተው ራቅ ብሎ ዱርቤቴ ከተማ አጠገብ ለቅሶ ሄድኩ። አንዲት የማላውቃት አልቃሽ ተነስታ «እንግዳሽ እኔ ነኝ ከሩቅ የመጣሁ» ብላ ስትጀምር ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። «ምነው አንቺን ሸኝቼ» ስትልማ አበቃ። ለቅሶው በረድ ሲል ጠጋ ብዬ ግጥሙ የማን እንደሆነ ጠየቅኳት። የቆየ ነው፣ የአያቶቻችን ነው አለችኝ። የከተማ ሰው እንዲህ አገሩን ሳያውቅ ይኑር ብላ ያዘነችልኝ ይመስለኛል።

ፍኖተ ሰላም እንደተመለስኩ ለደለለኝ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ድርሰት ተወስዶበት ዝም የሚል ደራሲ አይተህ ታውቃለህ? እሱ ግን ሰው አልቅሶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ሴትዮዋ ያለችውን ቃል በቃል ድገምልኝ አለ፤ ደገምኩለት። ሄጄ እውነቱን ልንገራት ወይ ብዬ ብጠይቀው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«ተዋት መምህር» አለኝ። «አያቶቼን ፍለጋ ባሕር ተሻግሬ መጣሁ። ለካ አያትየው እኔ ነኝ።»