እማማ የሺአረግ አሮጌውንና አዲሱን ግራፊክስ ካርድ የመዘኑበት ዜና

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ በሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ የጉልበት ቁርጥማት በነገሠ በስድስተኛው፣ አዲሱ ፍሪጅ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ በወርኀ ግንቦት፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ድመቶችን ከጣሪያ ባወረደችበት ሰሞን፣ ሥይምተ ሰፈረ ከዚራ፣ ዓቃቢተ ፍሪጅ፣ ከዳኒተ ቴሌቪዥን ወሬዲዮ፣ እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማሩ፣ ነፋስ ሳይነፍስ በር የሚዘጉ፣ ልጅ ሳያስነጥስ ዳማከሴ የሚጨምቁ እማማ የሺአረግ የፈጸሙት ገድል ይህ ነው።

እማማ አብራቸው የምትኖር የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፤ ስሟ ዲና፣ ሥራዋ የሕንፃ ንድፍ። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ቤት መስኮቱን፣ ደረጃውን፣ የዛፉን ጥላ ሳይቀር በኮምፒውተር ላይ እውነት አስመስላ ታሳያለች። ያንንም ሥዕል የሚያወጣው በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ ግራፊክስ ካርድ የሚሉት ነበረ፤ እርሱም ባለ አንድ ማቀዝቀዣ ፋን፣ ባለ ሁለት ጊጋ፣ ሰባት ዓመት የገዛ ሽማግሌ ነው። ከጥር ወዲህ ግን ሥዕሉን ሲጀምር ጀግና፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ድርቅ የሚል ሆነ።

በዚያው ወራት ከአዲስ አበባ አንድ የንድፍ ቢሮ እንዲህ የሚል ቃል ላከ፦ «የሆቴሉን ሥዕል እስከ ዓርብ ቀትር ካደረስሽ እዚያው ድሬ ሆነሽ ሥሪልን፤ ካላደረስሽ ግን መጥተሽ በእኛ ኮምፒውተር ትሠሪያለሽ።» እማማም ይህን በሰሙ ጊዜ ብርዱ ታያቸው፣ የታክሲው ግፊያ ታያቸው፣ ዲና ያለ ሹራብ ስትወጣ ታየቻቸው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርሳቸውና እንቅልፍ ተኳረፉ።

ወእምዝ ዲና ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከኮምፒውተር ነጋዴው ከናሲር ሱቅ፣ አዲስ ካርድ ይዛ ገባች፤ ባለ ሁለት ፋን፣ ባለ ስምንት ጊጋ፣ መልኩ ጥቁር፣ ግርማው የሚያስፈራ። እማማም ይህስ ቤቱን ያቃጥላል ብለው አንድ ባልዲ ውኃ ከበሩ ሥር አኖሩ፤ አኑረውም እንዲህ ሲሉ ዐዋጅ ነገሩ፦ «የሰማህ ላልሰማው አሰማ! አረጀ ተብሎ ያገለገለ አይጣልም፤ ሁለቱም በአንድ ሥዕል ይፈተኑ፣ ያሸነፈ ይንገሥ። ይህን ባለ ሁለት ፋን ደግሞ እኔ በሌለሁበት ያበራ ሰው ወዮለት!»

ረቡዕ ማለዳ ግጥሚያው ተጀመረ። ሥዕሉ ሲወጣ ክፍሉ ስለሚግል ዲና እንደ ልማዷ በረንዳ ላይ ተቀመጠች፤ እማማ ግን ዘብ እቆማለሁ ብለው ከኮምፒውተሩ አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። አሮጌው ገባ፤ በዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ወደቀ። አዲሱ ገባ፤ ሁለቱ ፋኖቹ እየጮኹ በሰባተኛው ደቂቃ ወደቀ። ከሰዓትም ደገሙት፤ እንደዚያው ሆነ። ያን ጊዜ እማማ አሮጌው በአምስት ደቂቃ መብለጡን አይተው ደስ አላቸው፤ ወዲያው ዓርብ ትዝ ቢላቸው ደስታው ከጉሮሯቸው ሳይወርድ ቀረ፤ ናሲርንም ሊወጉ ተነሡ።

የዘመቻው ሥርዓት ይህ ነበረ። ሐሙስ ጧት ከፊት ዲና ኮምፒውተሩን ታቅፋ፤ ቀጥሎ እማማ ሁለቱን ካርዶች በዘንቢል ይዘው፤ ቀጥሎ ጎረቤታቸው ዳሃቦ ጥላ ዘርግታ፤ በመጨረሻ ማንም ያልጠራት የዳሃቦ ፍየል። ኮምፒውተሩንም አቧራ እንዳያገኘው እማማ በታላቁ ዳንቴላቸው ከድነውት ነበር፤ ይህም ዳንቴል በአንድ ሁዳዴ በኪሮሽ የተሠራ፣ አርባ ሁለት ጽጌረዳ ያለበት ነው። ደቻቱ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ብሎ አሸዋው ደርቆ ሳለ፣ እማማ ጎርፍ አይታመንም ብለው ሠራዊቱን በሩጫ አሻገሩ።

ከሱቁ ደጃፍም ቆመው ዐወጁ፦ «ናሲር! ያገለገለ ካርድ አዲስ ነው ብለህ ለልጄ ሰጠሃት! ልጄን አዲስ አበባ ልታስሄድብኝ ነው!» ናሲርም ሽብር ሳይነካው ዳንቴሉን ገፎ፣ አጥፎ ከጠረጴዛው ላይ አኖረና በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት መለሰ፦ «አቦ እማማ! ወላሂ ከካርቶኑ በገዛ እጄ ነው ያወጣሁት። እዚሁ ይፈተናል፤ ከወደቀ ሱቁን ለፍየሏ እለቃለሁ!»

አዲሱ ገባ፤ በዘጠነኛው ደቂቃ ሆቴሉ ከነመስኮቱ፣ ከነዛፉ ጥላ ወጣ። አሮጌው ገባ፤ እያቃሰተ፣ እያዘገመ፣ በአርባ አንደኛው ደቂቃ ያንኑ ሆቴል አወጣ። ሕዝቡም አደነቀ። ዲና ግን ፊቷ ጠቆረና እንዲህ አለች፦ «እንግዲህ ካርዶቹ ደኅና ከሆኑ ጥፋቱ የቤታችን መብራት ነው። ይህ ሥዕል ዛሬ ቢደርስም፣ የሚቀጥለው ሥራ በእርሱ አይሠራም። አዲስ አበባ እሄዳለሁ።»

በዚያች ሰዓት የእማማ ዓይን ከታጠፈው ዳንቴል ላይ አረፈ። ከሕዝቡ ሁሉ ለብቻቸው ገባቸው። ዝም ብል ማን ያውቃል አሉ በልባቸው፤ ዝም ብል ግን ትሄዳለች አሉ። አርባ ሁለቱ ጽጌረዳዎች አርባ ሁለት ምስክር ሆነው አፈጠጡባቸው። ከዚህም በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው የመጨረሻውን ዐዋጅ ነገሩ፦

«ስሙ! መብራቱ ንጹሕ ነው። ናሲር ንጹሕ ነው። ልጄ በረንዳ ስትወጣ ጠብቄ፣ አቧራ ይገባበታል ብዬ፣ ዳንቴሉን ከአናቱ እስከ ወገቡ የማለብሰው እኔ ነኝ። ኮቴዋን ስሰማም የምገፈው እኔው ነኝ፤ ዳንቴል የጥንት ነው እያለች ትስቅብኛለችና። ለካ ሳፍነው ኖሯል! አሁን ሳቂብኝ፤ ብቻ እንዳትሄጂብኝ።»

ፊት የሳቀችው ዳሃቦ ናት፦ «በዚህ ግንቦት እኔንስ ዳንቴል ብታለብሱኝ ሰባት ደቂቃ እቆይ ነበር?» ቀጥሎ ናሲር፣ ቀጥሎ መንገደኛው ሁሉ። ዲናም ሳቀች፤ እየሳቀችም የአያቷን አንገት አቅፋ ረጅም ጊዜ አልለቀቀችም። ሥዕሉም በዚያው ዕለት ተላከ፤ ቢሮውም ቃሉን ጠበቀ፤ ዲና በድሬ ቀረች።

አዲሱ ካርድ ነገሠ። አሮጌውም በእማማ ትእዛዝ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጎን ዐረፈ፤ ዳንቴሉም ለእርሱ ተሰጠ፤ ከእንግዲህ አይግልምና።

እንግዲህ ከተማ ያስከበሩ፣ ወንዝ ያሻገሩ ብዙዎች ናቸው። እማማ የሺአረግ ግን ዕለት ዕለት በዚያ ክፍል ያልፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ራቁቱን ቆሞ፣ አቧራው በጨረር ውስጥ ሲወርድበት ያያሉ፤ ሁለት እጃቸውንም ከኋላቸው አጥብቀው ይዘው፣ ሳይነኩት፣ ሳይከድኑት ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ጀግንነት በከዚራ ከቶ አልታየም፤ ለእርሳቸው ክብርና ጤና ይሁን፣ ለጉልበታቸውም።