በስንዴ አገር ስንዴ የሌለው ኬክ

ሮቤ ላይ «ስንዴ አልበላም» ከማለት «ሰው ገደልኩ» ማለት ይሻላል። ለገዳይ እኮ ሽማግሌ ይላክለታል። ስንዴ አልበላም ላለ ሰው ማን ይላክለታል?

አጋነንሽ እንዳትሉኝ። በመኸር ወራት ከሮቤ ወደ ጎሮ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ግራው ስንዴ ነው፣ ቀኙ ስንዴ ነው፣ ፊት ለፊት መንገዱን ዘግቶ የሚያዘግመው ኮምባይነር ነው። እዚህ አገር ሰው ሲወለድ ገንፎ፣ ሲያድግ ጨጨብሳ፣ ሲያገባ ድፎ፣ ሲሞት ንፍሮ ነው። ገንፎው የገብስ ነው የሚል ካለ ይበል። ገብሱም ቢሆን ለዚህች ልጅ ያው ነው።

የትኛዋ ልጅ አትሉም?

ልጄ ዮናስ አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እንዳትደነግጪ» አለኝ። ደነገጥኩ። እንዳትደነግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ማን አለ? ስለ እጮኛው ስለ ሰላማዊት ነው አለኝ። አግብታ የፈታች መሰለኝ። ልጅ ያላት መሰለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንዴ አይስማማትም» አለ። እኔማ ልጅ ቢኖራት ይሻል ነበር አልኩ በሆዴ። ልጅ ያድጋል።

ሰላማዊት ጎባ የምትሠራ ነርስ ናት። የጎጃም ልጅ ስለሆነች በጤፍ ነው ያደገችው፤ እዚህ ተመድባ እስክትመጣ ድረስ ሆዷ ምን እንደሚጠላ በደንብ አላወቀችም። ስንዴ ወይም ገብስ ከቀመሰች ሦስት ቀን ትተኛለች። ሐኪም መርምሮ «ፍርፋሪውም እንዳይነካሽ» ብሏታል። ነገሩ ግሉተን የሚሉት ነው። አንብቤዋለሁ። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቀሪውን የጨረስኩት ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ዕውቀቴ ሰፊ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ብዙ ጊዜ የተቀደደ ነው። ግሉተን ማለት ሊጥ ሲሳብ እንዳይበጠስ የሚይዘው ሙጫ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ተቀዷል።

ታዲያ ችግሩ ምንድነው? ጤፍ ትብላ፣ አትሉኝም? ችግሩ እቴቴ በላይነሽ ናቸው።

እቴቴ በላይነሽ የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጎባ ይኖራሉ። ባለቤቴን ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ የዮናስን ሚስት የሚመርቁትም እሳቸው ናቸው። ፈተናቸው አንድ ነው፤ ድፎ ቆርሰው ልጅቷን ያጎርሷታል፣ ከዚያ መንጋጋዋን ያያሉ። አጣጥማ ካላመጠች «ቤት ትሞላለች» ይላሉ። የኔንም መንጋጋ አይተውታል። በጉርሻው ትልቅነት ዓይኔ እንባ ቢያቀርርም አላምጬ አልፌያለሁ። ለሌላ ወንድማቸው ልጅ የታጨች አንዲት ልጅ ግን «ጥርሴን አሞኛል» ብላ ብትመልሰው እቴቴ ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። ልጁ ይኸው እስከ ዛሬ ቁርሱን ለብቻው ይበላል።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። እቴቴ ራሳቸው ወተት በአፋቸው አይዞርም። ስለት አለባቸው። የምን ስለት? የጠየቀ የለም። ስለት ይጠየቃል እንዴ? ጎረቤቴ አዴ ሙሚና፣ እንግዳ ወተቷን ሳይጠጣ ከወጣ ሳምንቱን የሚያማት ሴት፣ ለእቴቴ ሲሆን «ነዝር ነው፤ ተዉአቸው» ብላ፣ ስለትን ነዝር ነው የምትለው፣ ራሷ ትከላከልላቸዋለች።

ዮናስ ለመነኝ። «እማዬ፣ በሽታ አለባት ብለው ከሰሙ አለቀልን» አለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ደግሞ ኬክ ጋጋሪ ሆንኩ። ሐሳቤ ይህ ነበር። እቴቴ እሑድ ይመጣሉ። እኔ ስንዴ የሌለው ለስላሳ ኬክ ጋግሬ መሶቡ ቦታ ላይ አስቀምጣለሁ። መርቀው ይቆርሱታል፣ ያጎርሷታል፣ ታላምጣለች፣ አለቀ። ማን ይጠይቃል?

መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ነጭ ጤፍና ትንሽ ሩዝ ይዣለሁ። ባለ ወፍጮው ጀማል ከጧት ጀምሮ ስንዴ ሲፈጭ ቅንድቡ እንኳ ነጭ ሆኗል። ድንጋዩን አጽዳልኝ አልኩት።

«ከምኑ?» አለ።

«ከስንዴው።»

ወፍጮውን አጠፋ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። «እትዬ፣ ስንዴ ቆሻሻ ነው እንዴ?» አለኝ። ቤት ውስጥ ሕመምተኛ አለ አልኩ። ከወረፋው አንድ ባለ ከዘራ ሽማግሌ፣ ለሕመምተኛማ የሚሰጠው የገብስ አጥሚት ነው ብለው መከሩኝ። ደግሞም ጤፍ ብቻውን አይያያዝም፣ ትንሽ ስንዴ ጣል አድርጊበት አሉኝ። ትንሽ! ይህችን «ትንሽ» ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ሰው እንደነገረኝ አልቆጠርኩም። እዚህ አገር የሐኪም ትእዛዝ እንደ ገበያ ዋጋ ነው፤ ተከራክረህ ታስቀንሰዋለህ።

ጀማል አላጸዳም አለ። እኔም ሁለት ኪሎ ጤፍ ለድንጋዩ አበላሁ። ስንዴውን ጠራርጎ እንዲወጣ አስፈጭቼ፣ ዱቄቱን ለሽማግሌው ዶሮዎች ሰጠሁና የራሴን ከዚያ በኋላ አስፈጨሁ። ጀማል ውኃ በሳሙና የሚያጥብ ሰው እንዳየ አየኝ።

ወደ መጋገሩ እንምጣ። ስድስት የሐበሻ እንቁላል ከስኳር ጋር ይመታል፤ ቢጫው ገርጥቶ፣ ሹካው ከፍ ሲል እንደ ክር እስኪወርድ ድረስ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያለው ሰው እንቁላል መትቶ አያውቅም። ቀስ ካልክ የትም አይሄድም። አዴ ሙሚና ከአጥር ማዶ የሹካውን ድምፅ ሰምታ መጣች። «ማንን ነው እንዲህ የምትደበድቢው?» አለችኝ። ነገርኳት፤ ለሰላማዊት ስንዴ አይስማማትም፣ ሐኪም ከልክሏታል አልኳት። አፏን ያዘች። «ባሌ አገር መጥታ ስንዴ አይስማማትም? ታዲያ ምን ልትሠራ መጣች?» አለች። ቀጥላም «ትንሽ ብቻ...» ስትል ሹካውን አቀበልኳት። ክንድ ሲሠራ አፍ ያርፋል።

የመጀመሪያው ኬክ እንደ አዲስ ተሿሚ ተነፋ። ደስ አለን። ከምድጃው ሳይወጣ ደግሞ እንደ ግምገማ ማግስት ኩምትር አለ። ስልኬን ከፍቼ አነበብኩ። ለካ ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የተራራው ነው። እንዲህ ከፍ ያለ አገር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኬክ ቶሎ ይነሳል፣ የሚይዘው ስለሌለ ቶሎ ይወድቃል። አሠራሩን የጻፈው ሰው ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ነው የጻፈው፤ የባሌን ብርድ የት ያውቃል? ስኳሩን ቀንሺ፣ እንቁላሉን ብዙ አትምቺ፣ እሳቱን ጨመር አድርጊ ይላል ስልኩ።

ሁለተኛው ተዋጣ። ወርቅ ነበር። ጣቴን ጫን ሳደርገው ተመልሶ የሚነሳ፣ ሽታው አጥር የሚዘል ኬክ። አዴ ሙሚና እልል ልትል ስትል ዓይኔ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አረፈ። የዱቄት ጣሳዬ ቆሟል። ዙሪያውን ነጭ ዱቄት ፈሷል። መጋገሪያውን ቅቤ ቀብቼ እንዳይይዝብኝ የነሰነስኩበት ምንድነው? ስንዴ! እጄ እኔን ሳይጠይቅ የሃያ ስምንት ዓመት ልማዱን ሠርቷል። ጭንቅላቴ ጋዜጣ አንብቧል፤ እጄ ግን መሃይም ነው።

«ኧረ ትንሽ ናት!» አለች አዴ ሙሚና።

ወርቁን ኬክ ለልጆቿ ሰደድኩት።

እሑድ ጧት መብራት ጠፋ። የሚጠፋው መቼም እንግዳ ሲመጣ ነው፤ ማን እንደሚነግራቸው አላውቅም። ሦስተኛውን በድስት ጋገርኩት፤ ከሥር ፍም፣ ክዳኑ ላይ ፍም። እየጸለይኩ ከፈትኩት። ከሁለተኛው ሁለት ጣት ያህል ያጥራል፤ ግን ቀላል ነው፣ ቆሟል፣ ንጹሕ ነው። መሶቡ ቦታ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰዎቹ መጡ። እቴቴ ከሁለት ዘመዶቻቸው ጋር ከጎባ በሚኒባስ ደረሱ። እንግዲህ የሰው ሐሳብና የእግዜር ሐሳብ ለየቅል ነው። ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ታቅፈው የመጡት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የራሳቸው ማሳ ስንዴ፣ እሳቸው ራሳቸው የጋገሩት፣ የመኪና ጎማ የሚያክል ድፎ። ኬኬን በአንድ እጃቸው ገፋ አድርገው ድፎውን ቦታው ላይ አኖሩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሉ ኬኩን እያዩ።

«ኬክ ነው እቴቴ።»

«ልደት አለ እንዴ?»

ዮናስን ላብ አጠመቀው። ሰላማዊት ነጠላዋን አስተካክላ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ደፍታ እጆቿን ትፈትጋለች። እቴቴ መረቁ፣ ቆረሱ፣ ጥጃ የሚያንቅ ጉርሻ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ የኔ ልጅ።»

ልጅቷ ቀና አለች። ዮናስን አየችው። ዓይኗን ጨፈነች። ልትጎርስ ነው! ሦስት ቀን ልትተኛ፣ ለልጄ ስትል። አፏን ስትከፍት አየሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁን ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል። ዘልዬ መሐላቸው ገባሁና ጉርሻውን እኔ ጎረስኩት።

በእድሜዬ የሰው ጉርሻ ቀምቼ አላውቅም። ላስረዳ ብዬ አፌን ብከፍት ድፎ ነው። የእቴቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከሙሽራ አፍ ትነጥቂያለሽ? እኔ አንቺን መርቄ ከጨረስኩ ስንት ዘመኔ!» አሉ። ከዘመዶቻቸው አንዱ በሳል አስመስሎ ሳቀ። አዴ ሙሚና ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረች።

ሰላማዊት ያን ጊዜ ተነሳች። እቴቴን ጎንበስ ብላ፣ «እቴቴ፣ ጓዳ አንዴ ላናግርዎ» አለች። እኔም እያላመጥኩ ተከተልኳቸው። የገዛ ጓዳዬ አይደል?

«በእሳቸው አይፍረዱ» አለች ልጅቷ እኔን እያየች። «ስንዴ ያመኛል። ሐኪም ከልክሎኛል። እንዳይቀየሙኝ ብዬ ልጎርስ ነበር። ካልፈለጉኝ ዛሬ ይንገሩኝ፤ ነገ ከሚያውቁት ዛሬ ይሻላል።»

እቴቴ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩአት። እኔም ያችን የመጨረሻ ጉርሻ መዋጥ ፈራሁ። ከዚያ በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዴት ነው የሚያደርግሽ? ይነፋሻል?» አሉ።

«ይነፋኛል። ይቆርጠኛል።»

«እኔን ወተት እንደዛ ነው የሚያደርገኝ» አሉ እቴቴ።

ጉርሻው ሳላስበው ወረደ። «ስለት አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«ስለት ነው» አሉ ተቆጥተው። «ከሆዴ ጋር የተሳልኩት። አንተ ከተውከኝ እኔም እተውሃለሁ ብዬዋለሁ።» ወደ ሰላማዊት ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ ያመኛል ካልሽ ሁሉም ሐኪም ይሆንብሻል፤ ትንሽ ቅመሺ፣ ጥቂት ሞክሪ እያለ ይገድልሻል። ስለት ካልሽ ግን ሁሉም እጁን ይሰበስባል። እኔ ይኸው ሠላሳ ዓመት በሰላም ኖሬበታለሁ።»

ወጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ልጅቷ ስንዴንና ገብስን በስለት ትታለች፣ ቤተ ዘመድ ይወቅልን፣ አሉ። ዘመዶቻቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። አዴ ሙሚና፣ ያችው ምን ልትሠራ መጣች ያለችኝ ሴት፣ ደረቷን ይዛ «ነዝር ነው? ረቢ ይቀበላት! በዚህ ዕድሜዋ!» አለች። የነገርኳትን ሐኪም ከእንቁላሉ ጋር መትታ አጥፍታዋለች።

እቴቴ ኬኬን ወደ መሐል ሳቡት። ቆርሰው አጎረሷት። መንጋጋዋን አዩ። እኔ ደግሞ የሳቸውን ፊት አየሁ። «ቤት ትሞላለች» አሉ። ከዚያ ለራሳቸው ቆረሱና ቀመሱ። «ይሄ ምን ዳቦ ነው፣ አየር ነው እንጂ» ብለው ናቁት። ቀጥለው «እስቲ ከአየሩ ድገሚኝ» አሉ።

ሠርጉ ደረሰ፤ ለሙሽራዋ ደግሞ መጋገር አለብኝ። ባለፈው ሳምንት ጤፌን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ጀማል ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ወፍጮውን አጠፋ። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ነዝር ነው አትይኝም ነበር?» ብሎ ወቀሰኝ። ድንጋዩን ፈቶ በብሩሽ ጠረገ፣ ከራሱ ጤፍ አፍስሶ አጠበው፣ ሒሳብ ልስጥህ ብለው በመሐላ እምቢ አለ። ባለ ከዘራው ሽማግሌ ወረፋቸውን ለቀቁልኝ። «ተጠንቀቅ ጀማል፣ ትንሽ ስንዴ እንኳ እንዳይነካው!» እያሉም ቆሙበት።

ዮናስ ግን ቅር ብሎታል። የተማረ ነው። «እማዬ፣ እውነቱን ብንናገር አይሻልም?» ይለኛል።

ልጄ፣ እውነቱንማ ተናግረን ነበር። ሁለት ኪሎ ጤፍ አስከፈለን። ስለቱ በነጻ ፈጨልን።