ከጽጌረዳው ሥር ሐረግ የሚነቅለው ሰው

ፈጣሪ ለሰው ልጆች ትዕግሥትን ሲያድል፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሰልፉ ረዝሞበት ጥሎ የሄደ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ቤተሰብ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ክቡርነታቸውን በመንደሩ «አቶ ይለይለት» እንላቸዋለን፤ ማናቸውንም ሥራ ሲጀምሩ «ባንዴ ይለይለት» ይላሉና። የወጥ ቤታችን ቧንቧ ጠብ ጠብ ቢል ሊያጠብቁት ገብተው ከነግድግዳው ነቅለውት ወጡ። የጓዳው በር ሲጢጥ ሲጢጥ ቢል፣ ዘይት እስኪመጣ መጠበቅ አልሆነላቸውምና በሩን አወለቁት። ጩኸቱ በእርግጥ ቀርቷል፤ በሩም እንደዚያው። የጥርስ ሐኪሙ «የታመመው አንዱ ብቻ ነው» ቢላቸው፣ «ያጠገቡስ ነገ መታመሙ ይቀራል?» ብለው ሁለት አስነቅለው ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በአንቱታ ላወራው አልችልም።

ዘንድሮ ባለቤቴ ታመመች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ «ቤቷ ሄዳ ትረፍ» ብለው መለሱልን። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ሁላችንም ገባን። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋንላት። ከመስኮቱ ሥር በእጇ የተከለቻቸው ጽጌረዳዎች አሉ። መሬቱን እንዲያለብስልን ብለን የዘረጋነው ሐረግ ግን በሕመሟ ወራት ተንሰራፍቶ፣ ግንዳቸው ላይ ተጠምጥሞ ሊያንቃቸው ደርሷል። አንድ ጠዋት ወደዚያ እያየች «ሲያብቡ አይቼ...» አለች።

ወንድሟ ይህን ሰማ። በማግስቱ ዶማ በትከሻው፣ የአረም መድኃኒት በእጁ ይዞ ከተፍ አለ።

«እታለም፣ አታስቢ። ባንዴ ይለይለት።»

«አንተ ልጅ፣ ያን ዶማ አስቀምጥ። መድኃኒቱንም ከግቢዬ አውጣልኝ፤ ጽጌረዳዬን ከሐረጉ የሚለይበት ዓይን የለውም።»

«ታዲያ በጥፍሬ ልንቀለው?»

«ይሻልሃል። ሥራቸው ተያይዟል፤ ሐረጉን ስትጎትት የጽጌረዳዬም ሥር አብሮ ይመጣል። ግንዱ አጠገብ ያለውን ከመሬት እኩል በቢላ ቁረጥ እንጂ አትሳበው። ራቅ ያለውን አፈሩን አርሰህ በእጅህ አውጣ። ከዚያ ዳግመኛ እንዳያቆጠቁጥ መሬቱን ካርቶን አልብሰው፤ ካርቶኑ ግን ግንዱን እንዳይነካ።»

«ይኼ እኮ የወር ሥራ ነው።»

«እንግዲያው እኔንም ባንዴ ይለይላት በለኛ።»

ሰውየው ዶማውን ከአጥሩ አስደግፎ ወጥ ቤት ገባና የሽንኩርት ቢላችንን ይዞ ወጣ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከሥራው መልስ በየዕለቱ ይመጣል። ከጸሎት ቤት ውጭ እንዲህ አብዝቶ የሚንበረከክ ሰው አላየሁም። እርሷም ከመስኮቱ ትቆጣጠረዋለች።

«ያ የጽጌረዳዬ ሥር ነው።»

«ሐረግ ነው፣ እታለም።»

«ቀምሰኸው ነው?»

«ልቅመስልሽ?»

ለመናገር አቅም ያነሳት ቀን መስታወቱን በጣቷ ትመታለች፤ እርሱም ወዲያው ቢላውን ከሥሩ ላይ ያነሣል።

አሁን ጽጌረዳዎቹ እንቡጥ ይዘዋል። የቀረችው ከዳርኛው ቁጥቋጦ ሥር ያለች እፍኝ የምታህል ሐረግ ናት። እርሷ ግን አታልቅም። ሰውየው ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ይቀነጥሳል፣ አፈሩን ይዳስሳል፣ ይነሣል። ትናንት ጠጋ ብዬ «ይህችን ለምን አትገላገላትም?» አልሁት።

ወደ መስኮቱ ቀና ብሎ አየ።

«ካለቀች በምን ትቆጣኛለች፣ ጋሼ?»

ከውስጥ የባለቤቴ ድምፅ ቀጥኖ መጣ። «እዚያ ጋ ትተሃል እኮ፣ አንተ ሰነፍ።»

«አይቼዋለሁ፣ እታለም። ነገ።»

አምላክ ጉልበቱን ያጽናለት፤ ቤቱንና ልጆቹን በጤና ይጠብቅለት፤ ለእርሱና ለእኅቱም ነገን ያክልላቸው። አሜን።