የኛ ሰው የሌለበት ቦታ

የኔ አገር ሰው፣ ሆላንዳዊው ማለቴ ነው፣ በየበጋው ከአገሩ የሚወጣው ሌላ ሆላንዳዊ ላለማየት ነው። ለዚሁ ዓላማ በሐምሌ ወር፣ በአንዲት ቅዳሜ ማለዳ፣ አገር ምድሩ ካራቫኑን፣ ያችን ባለ ጎማ ቤቱን፣ ከመኪናው ኋላ ቀጥሎ፣ ድንቹን፣ አይቡንና የለውዝ ቅቤውን ጭኖ፣ በዚያው በአንዱ መንገድ ወደ ደቡብ ይተማል። መንገዱ ሲዘጋጋ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ፍለጋ ነው የሚሄደው?» ብሎ ይበሳጫል። እንዲህ ያለ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። አንዳንዱ አጎት ነው፣ አንዳንዱ ጎረቤት ነው። እኔ ግን አግብቼዋለሁ።

ክቡር አቶ ሃርም ይባላሉ። ቤት ውስጥ «አንተ» ነው የምላቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ አልጋ የተጋራ ሰው አንቱ አይባባልም። በዚህ ጉዳይ ግን ማዕረጋቸውን ልነፍጋቸው አልፈልግም። በሥራቸው የውሃ ቦይ ቀያሽ ናቸው፤ ርቀት መለካትና በመነጽር አሻግሮ ማየት እንጀራቸው ነው። በዕረፍት ጊዜ ያንኑ መነጽር ለሌላ ተግባር ያውሉታል። በካራቫን ማረፊያው ካምፕ በር ላይ መኪናውን ያቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ ክርናቸውን ጣራው ላይ ደገፍ አድርገው ቢጫ ታርጋ ይቆጥራሉ። ቢጫ ታርጋ የኛ ሰው ነው። ቁጥሩ ከሦስት ካለፈ ወደ መሪያቸው ይመለሱና፣ «ከዚህ ትንሽ ወደፊት» ይላሉ። በዚህች «ትንሽ ወደፊት» የተነሣ አንድ ዓመት ለቤልጅየም ብለን ወጥተን ፖርቱጋል ደርሰናል።

አንድ ጊዜ ደግሞ ጣሊያን አገር፣ ገበያ መሃል፣ ከኋላችን የአገራችን ቋንቋ ተሰማ። ክቡርነታቸው ክርኔን ጨመቁና፣ «እንዳትናገሪ» አሉኝ በሹክሹክታ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቲማቲም መሃል ዝም ብለን ቆምን። ሻጩ ዱዳ መስለነው በእጁ ምልክት ያነጋግረን ጀመር። እኚሁ ሰው ታዲያ ከአገራቸው ድንች ሳይዙ ድንበር አይሻገሩም። የሰው አገር ድንች አይታመንም ይላሉ።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሃርም እናት፣ የዘጠና አንድ ዓመቷ አማቴ፣ በጥር ወር ዳሌያቸው ተሰብሮ የፊተኛው ክፍላችን ውስጥ ተኙ። የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ እስኪገኝላቸው፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ፣ አነሣኋቸው፣ አስተኛኋቸው፣ አጠብኳቸው። ሰኔ ላይ ወገቤ አልታጠፍም አለ፤ ከታጠፈ ደግሞ አልቃናም አለ። ሐኪሟ አገላብጣ አየችኝና፣ «የዚህ መድኃኒቱ ወንበር ነው» አለችኝ። «ቁጭ በይ። ሌላ ምንም እንዳትሠሪ።»

ባሌን የለመንኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሦስት ሳምንት ጉዟችን አሥራ ስድስቱን ቀን ወደፈለጉት ይንዱኝ፤ ጀርመንም፣ ኦስትሪያም፣ ጣሊያንም ይውሰዱኝ። የመጨረሻዎቹ አምስት ቀናት ግን የኔ ናቸው። አንድ ቦታ፣ አንድ ወንበር፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

«በእናቴ ይሁንብኝ» አሉ ሃርም። አመንኳቸው፤ ሞኝ ነኝ።

የዚያች የመጨረሻ ማረፊያ ምርጫ የሰኔን ወር ፈጀ። የእህቴ ልደት ላይ፣ እንደ ደንባችን ወንበር ክብ ሠርተን፣ ኬካችንን ጉልበታችን ላይ ይዘን ተቀምጠናል። የእህቴ ባል ሲብረን ሊረዳን ፈለገ።

«አንዲት ትንሽ ሐይቅ አለች» አለ። «ገነት በላት። ማንም አያውቃትም።»

«አንተ እንዴት አወቅካት?» አሉ ሃርም።

«ጎረቤቴ ነገረኝ።»

«ጎረቤትህስ?»

«መሥሪያ ቤቱ ያለ ሰው ነገረው።»

ሃርም ሹካቸውን አስቀመጡ። «ሲብረን፣ ይቺ ሐይቅ እኮ አሁን አውራ ጎዳና ናት» አሉት፣ በሐዘን።

በማግሥቱ አንድ መጽሔት ገዝተው መጡ። ሽፋኑ ላይ በአገራችን ቋንቋ፣ በደማቅ ፊደል፣ «የኛ ሰው ያልደረሰባቸው ሃያ ካምፖች» ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን ከሃያው አንዱን ይመርጥ ነበር። ክቡርነታቸው ግን በቀይ እስክሪብቶ ሃያውንም አንድ በአንድ ሰረዙ። ከዚያ ወዲያ ነው ታላቁ ዘዴ የተገለጠላቸው። የኛ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የረገሟቸውን ካምፖች ማንበብ ጀመሩ። ሌላው ሰው ምስጋና ሲፈልግ እሳቸው ስድብ ፍለጋ ያመሹ ነበር።

«ዊልማዬ፣ አገኘሁት» አሉኝ አንድ ቀን። «ፈረንሳይ፣ ጁራ ተራራ ሥር። ስሚ። ‹ጥላ የሚባል የለም። ውሃው ያንቀጠቅጣል። ባለቤቱ ያመናጭቃል።› ይህን አንብቦ የሚሄድ የኛ ሰው ይኖራል?»

«እኛስ?» አልኳቸው።

«እኛማ ገብቶናል።»

ዘዴው ግሩም ነበር። ችግሩ በአገራችን ያሉት ሃርሞች ሁሉ ያንኑ ማሰባቸው ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ጀርመንን፣ ኦስትሪያንና ጣሊያንን ጨርሰን እዚያ ሐይቅ ዳር ስንደርስ አሥራ አንድ ቢጫ ታርጋ ተደርድሮ ጠበቀን። የየካራቫኑ ባለቤት ቤቱ እንደተዘረፈ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሟል። አንድ መላጣ ሰውዬ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወደ እኛ መጣ።

«እናንተም ስድቡን አንብባችሁ ነው?» አለ።

«አዎ» አሉ ሃርም፣ ለቅሶ ቤት በሚወጣ ድምፅ።

«እኛስ ብልህ የሆንን መስሎን ነበር» አለና ተመለሰ።

እኔ ግን ወንበሬን አውርጄ ነበር። አሥራ አንድም ይሁኑ መቶ፣ ለወንበር ምን ገዶት። ተቀመጥኩ፣ ሐይቁን አየሁ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ሴት ጨው ልትዋስ መጣች። ጨው ሰጠኋት። ጨውን ተከትሎ የልጇ ፍቺ መጣ፣ ፍቺውን ተከትሎ ለቅሶ መጣ፣ ሰው ሲያለቅስ ደግሞ ሻይ ይፈላል እንጂ ዝም አይባልም። ልጆቿን ይዤላት ገላዋን ታጠበች። በማግሥቱ ጠዋት ስነቃ ካራቫኑ ከመኪናው ጋር ተያይዟል።

«ከዚህ ትንሽ ወደፊት» አሉ ሃርም።

«በእናትህ ምለሃል» አልኳቸው።

«ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ አንነቃነቅም።»

አራት ሰዓት ተጓዝን። አንድ ወንዝ ዳር ቢጫ ታርጋ ሁለት ብቻ ተገኘ፤ ይህ በክቡርነታቸው መዝገብ በረሃ እንደማለት ነው። ለጥንቃቄ የራሳችንን ታርጋ በዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ሸፈኑና አጠገባችን ላለው ሰው በጀርመንኛ ሰላምታ ሰጡ። ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ። «ከኛው አገር፣ ከትዌንተ ነህ አይደል?» አላቸው በቋንቋችን። «አነጋገርህ ቁርጥ የአክስቴን ባል።»

እዚያም ተቀመጥኩ። በማግሥቱ ጠዋትም እንደገና ልቀመጥ ስል የዚያን ሰውዬ የልጅ ልጅ ተርብ ነደፋት። ኮምጣጤያችን የት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ሮጥኩ። ልጅቷ ዝም ስትል አያትየዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ አረጋጋኋት። ስትረጋጋ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ልታደርግ መሆኗን ነገረችኝ። ስለ አጥንት ስብራት በቅርቡ ብዙ ተምሬ ስለነበር እስከ ምሳ ድረስ ደረጃ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከአልጋ እንዴት እንደሚወረድ አሳየኋት። ስመለስ ሃርም የጥላውን ሸራ እያጠፉ ነው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ከዚህ ትንሽ ወደፊት።»

«ሃርም፣ ሁለት ናቸው። ሁለት የኛ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

«ሁለትም ይበዛል።»

«ለማን ነው የሚበዛው?»

ክቡርነታቸው ካስማውን መንቀል ቀጠሉ።

መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። እንዲህ ቁጭ ብዬ ያለቀስኩት ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የማልቀሻ ጊዜም አልነበረኝም። ከአምስቱ ቀኔ ሦስቱ አልቋል። መሸሽ እንጂ ማረፍ የማያውቅ ሰው አግብቼ እስከ መቃብር ከካራቫን ፊት ስንከራተት ልኖር ነው አልኩ። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ ጥቁር ከረሜላ አቀበሉኝ። የአገራችን ወንድ ሲጨንቀው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከረሜላውን በላሁት፤ ተስፋ ግን ቆረጥኩ።

ያረፍንበት ሦስተኛው ቦታ ካምፕ ይባል እንደሆነ እንጃ። አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ከእንጨት መሰንጠቂያ ጀርባ ያላት መስክ ነው። አንድ ቧንቧ፣ ጥቂት ዶሮዎችና እበት አለው። ጥላ የለውም። መጋዙ ሲጮኽ ጥርስ ያሳክካል። ሃርም መነጽራቸውን አነሡና በቆሙበት አንድ ዙር ዞሩ።

«ማንም የለም» አሉ፣ ርስት እንደገዛ ሰው።

በማግሥቱ ወንበሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ፊቴን ለመጋዙ፣ ጀርባዬን ለባሌ ሰጠሁ። ቀትር ላይ መጋዙ ለምሳ ዝም ሲል ዞር አልኩ። ክቡርነታቸው መነጽሩን ዓይናቸው ላይ አድርገው መንገዱን ይቃኛሉ። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ።

«እንዳትናገራት» አልኩ። «ያቺን ‹ትንሽ ወደፊት› እንዳትናገራት። ካራቫኑንም መኪናውንም ይዘህ ሂድ። ወንበሩን ብቻ ተውልኝ፤ በባቡር እመጣለሁ። የኛን ሰው ከጠላህ ጥላ፣ እኔን ለምን ታንከራትተኛለህ? አንዲት ነገር ነበር የለመንኩህ።»

ሃርም መነጽሩን አወረደ።

«ሐይቁ ዳር አርባ ደቂቃ ተቀመጥሽ» አለ። «ወንዙ ዳር አንድ ሰዓት ከአሥር። ለክቼዋለሁ።»

«ምኑን ነው የለካኸው?»

«መቀመጥሽን። አንድ ሰው በቋንቋችን አፉን ከከፈተ ትነሻለሽ። ጨው ሲሉሽ ትነሻለሽ፣ ሳይሉሽም ትነሻለሽ። ተይ ብልሽ አትሰሚኝም፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞክሬዋለሁ። ሰዉንም ሚስቴን አታናግሩብኝ አልል፣ ነውር ነው። እና በሚገባሽ ቋንቋ የሚጠራሽ የሌለበት ቦታ ፈለግኩ።»

ወንበሬን ወደ እሱ አዞርኩ።

«እናቴም ‹ዊልማ› ብላ ስትጣራ ደረጃው ላይ ሆኜ እሰማ ነበር» አለ። አሁን የሚያየው ዶሮዎቹን ነው። «ጫማዬን እስካጠልቅ አንቺ ደርሰሻል። አንዳንዴ ጫማው ላይ ሆን ብዬ እቆይ ነበር።»

ይህን አላውቅም ነበር። ተናደድኩ፤ ለካ ይሰማ ነበር አልኩ። ወዲያው ደግሞ አሳዘነኝ። ይህን ከጥር ጀምሮ ይዞ፣ በአራት አገር፣ ዝም ብሎ ነድቷል።

«ታዲያ በየዓመቱ የምንሸሸው ለኔ ብለህ ነው ልትለኝ ነው?» አልኩት።

«ኧረ አይደለም» አለ። «ሌላውን ዓመት ለራሴ ነው። ሰው አልወድም።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም፣ የእውነቱን ነበር። ምሳዬን እዚያው ወንበሬ ላይ አመጣልኝ፤ የአገራችን ድንች፣ ከመጠን በላይ የተቀቀለ። መጋዙ እንደገና መጮኽ ጀመረ፤ እኔም ብዙም አልጠላሁት።

አሥር ሰዓት ገደማ አንድ ካራቫን እየተንገጫገጨ ወደ መስኩ ገባ። ታርጋው ቢጫ ነው። ሃርም ፊቱ አመድ መሰለ። በኔ ዕድሜ ያለች ሴት ወርዳ በቀጥታ ወደኔ መጣች።

«እፎይ፣ የኛ ሰው» አለች። «ይቅርታ እህቴ፣ የቆርቆሮ መክፈቻ ይኖርሻል? ባሌ ረስቶት መጣ። ዘንድሮ ምን የማይረሳው አለ፣ ትላንትማ እኔንም ነዳጅ ማደያ…» ድምፅዋ ተሰበረ።

መክፈቻው ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከማንኪያዎቹ ሥር። እግሬ እኔን ሳያማክር መሬት ቆንጥጦ ነበር።

«ቁጭ በይ» አለ ሃርም።

መክፈቻውን ይዞ በአጠገቤ አለፈ። ሰጥቷት ይመለሳል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተመለሰም። ካራቫናቸው ድረስ አብሯት ሄደና እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። ሴትዮዋ ስለ ባሏ መርሳት፣ ሐኪሙ ስላለው ነገር፣ ልጆቿ ስለማይደውሉላት ነገረችው። ወደ ማልቀሱም ደረሰች። ሃርም ምን እንደሚባል አያውቅም፤ «እህ» ብቻ ሲል ይሰማኛል። ጥቁር ከረሜላውን አውጥቶ አቀበላት። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆመ፤ በተራዬ እኔ ለካሁለት። በየመሃሉ ዞር እያለ ያየኝ ነበር፣ መቀመጤን ሊያረጋግጥ።

ከዚያ በፊት እንደዚያ የከበደኝ ሥራ ትዝ አይለኝም። ግን አልተነሣሁም።