ትምህርት ቤት የገባው የበረዶ አያት

አይደለም! አይደለም አልኩህ፣ አስማረ። «ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ለአንድ ድንጋይ ይሄን ያህል መንጨርጨር ምንድን ነው?» ብለህ ከአዲስ አበባ በላክልኝ ካሴት ላይ ስትስቅ ሰማሁህ። መልሼም ሰማሁህ። ሁለቴም ስቀሃል። እንግዲህ አሁን ተራው የኔ ነው። እዚህ ጎንደር ፒያሳ ያለው ባለ ሱቅ ቴፑን ለካሴቱ አንድ ገጽ ብቻ ነው ያዋሰኝ፤ ስለዚህ ዝም ብለህ አድምጥ። ደግሞ መልስ ብትሰጥም አልሰማህም።

ለመሆኑ ድንጋይ ድንጋይ ብቻ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? ድሮ ድንጋይ ዳቦ በነበረበት ጊዜ እያሉ አይደል ተረት የሚጀምሩልን? የኛ ሰው ቤት ሲሠራ መሠረቱን ከድንጋይ፣ እህል ሲፈጭ ወፍጮውን ከድንጋይ፣ ውሻ ሲመጣበት መከላከያውን ከድንጋይ ያገኛል። ይሄን ሁሉ ከተገለገለ በኋላ ሞኝ ሰው ሲያይ ምን ይላል? «ድንጋይ ራስ»። ውለታ ቢስ።

አንተ ኮሶዬን የምታውቃት ወደ ደባርቅ ስትሄድ ማኪናው ለምሳ ሲቆም ነው። ከሳህኑ ቀና ብለህ አታውቅም። እኔ ግን የእናቴ አገር ስለሆነ ዝናብ ካባራ በኋላ እርሻው ላይ ሄጃለሁ። ማረሻ የገለበጠው ጥቁር ድንጋይ አለልህ፣ ከላይ ሲያዩት ምንም የማይል። ስትሰነጥቀው ውስጡ ዋሻ ነው፤ ዋሻው ውስጥ ደግሞ ጥርስ የመሰለ ብርሃን ተደርድሯል። ድንጋዩ ሊስቅ አፉን ከፍቶ፣ የሚስቅበትን ነገር ረስቶት የቀረ ይመስልሃል። ጉም ከገደሉ ሥር ቀስ እያለ ይወጣና እግርህን ያጠፋዋል። ያኔ አንተም የምትቆመው መሬት ላይ ይሁን ሰማይ ላይ አታውቅም፤ የምታውቀው እጅህ ውስጥ የያዝከውን ቀዝቃዛ ነገር ብቻ ነው።

የእናቴ ወንድም አያ ቢሻው እነዚህን ድንጋዮች በትንሽ ቅል ውስጥ የገብስ ዱቄት አልብሶ ያኖራቸው ነበር። እንዳይበርዳቸው ነው መሰለኝ። ወተት የመሰለው ነጩ፣ ጡቷ ለደረቀባት አራስ በውሰት ይሰጣል። ጢስ የገባው የሚመስለው፣ ቅዠት ያስቸገረው ሰው ትራስ ሥር ያድራል። ቀላ ያለው ለተኳረፉ ባልና ሚስት ነው፦ ሁለቱ አንድ ላይ ጨብጠውት እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ያ ድንጋይ ደግሞ ቶሎ የሚሞቅ አይደለም፤ ሲጠብቁ ሲጠብቁ ኩርፊያው ይሰለቻቸዋል። ሐምራዊው መጠጥ ውስጥ ከተነከረ አያሰክርም ይባላል። አያ ቢሻው አንድ ሰርግ ላይ ሞክሮት ነበር። ምነው፣ እንዴት ሆነ ብዬ ብጠይቀው «ድንጋዩ አልሰከረም» አለኝ።

ከሁሉም በላይ ግን ጥርት ያለው ነው። የጣት ያህል ርዝመት፣ ስድስት ጎን፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ። ስሙ የበረዶ አያት ይባላል። ዓለም ገና ስትፈጠር ከወረደው በረዶ፣ ሌላው ሁሉ ሲቀልጥ እሱ መቅለጡን ረስቶ የቀረ ነው አሉ። ጉንጭህ ላይ ብታደርገው ታምናለህ። ልጅ ሆኜ በጠዋት፣ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ሳለ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ በሱ ውስጥ አያለሁ። ቆላው ተገልብጦ ከላይ ይሆናል፣ ሰማዩ ከታች ይሆናል፣ አሞራው በጀርባው ይበራል። መሐሉ ላይ ደግሞ ትንሽ ጭጋግ አለች፣ ጠዋት ምድጃ የተለኮሰበት መንደር የምትመስል። እዚያ መንደር ውስጥ ማን ይኖራል እያልኩ ስንቱን ሰዓት ፈጀሁት! ዛሬም አላወቅኩም። ዛሬም ይናፍቀኛል።

አያ ቢሻው ደግሞ በረዶ መላሽ ነው። ገብሱ ሲያሸት ጥቁር ደመና ከመጣ፣ አፋፉ ላይ ወጥቶ ድንጋዩን ጨብጦ ወደ ደመናው ያነሣል። በረዶው አያቱን ሲያይ ያፍራል፤ የአያቱን ፊት አይመታምና ይመለሳል። ነገሩ ይኸው ነው። ለዚህ ሲባል ሰርግ ላይ ከካህናቱ ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ሲናገር ሰው ዝም ይላል። ቁመቱን ብታየው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ክረምት ሲገባ ግን ይረዝማል።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ጥፋቱ ሲጀመር የኔ ነው፣ አልክድም። ግንቦት ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው የሳይንስ መምህራችን ኤግዚቢሽን አዘጋጀና ከየአገራችሁ ድንጋይ አምጡ አለ። አንዱ የክፍላችን ልጅ «ኮሶዬ ከብርድ በቀር ምን አላት?» አለ። በቃ። ጠባዬን ታውቃለህ፣ ደሜ ፈላ። ቅዳሜ በጭነት ማኪና ተሳፍሬ አያ ቢሻው ቤት ደረስኩ፤ የበረዶ አያትን ለሦስት ቀን አውሰኝ አልኩት። እምቢ ይለኛል ብዬ ልማጸን ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ድንጋዩን ከዱቄቱ አወጣና በጋቢው ጠርዝ እየጠረገ ብዙ ቆየ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለ። «እሱ እንኳ ይማር። ብቻ አትዝጉበት፤ ሰማይ ማየት ለምዷል።»

እና ትምህርት ቤት ገባ። ከጃንሆይ ፎቶ ሥር በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ፣ መምህሩም ወረቀት ጽፎ ለጠፈበት፦ «ኳርትዝ። ተራ ማዕድን። ከኮሶዬ።» ተራ! ለመናገር ተነሥቼ ነበር፣ ግን ትምህርቱን ጀመረና፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ነጩም፣ ጢስማውም፣ ሐምራዊውም፣ እሳት የምንጭርበት ባልጩትም አንድ ቤተሰብ ናቸው አለ። የወንዝ አሸዋ ሳይቀር የቅርብ ዘመዳቸው ነው። ቀለማቸው የሚለየው ውስጣቸው በገባች ኢምንት ነገር ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር፣ አልኩ በልቤ።

አባቴ መሪጌታ እንደሆነ ታውቃለህ። የሰማያዊቷ ከተማ መሠረት የሆኑትን አሥራ ሁለት ድንጋዮች ኢያሰጲድ፣ ሰንፔር፣ ኬልቄዶን እያለ እስከ አሜቴስጢኖስ እንደ ልጆቹ ስም ይጠራቸዋል። የአያ ቢሻውን ቅል ግን «ባዕድ አምልኮ» እያለ አያስጠጋውም ነበር። እኔ ከክፍል በኋላ ያሥራ ሁለቱን ስም ለመምህሩ ቆጠርኩለትና መልሱን ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። ግማሾቹ እኮ ይኸው ኳርትዝ ናቸው ይላል፣ አልኩት አባቴን። አባቴ ጺሙን ያዝ አደረገ። ከዚያ «እንግዲያ መንግሥተ ሰማያት የተመሠረተችው በኮሶዬ ድንጋይ ነው በለኛ» አለ። አከለበትም፦ «ለአጎትህ እንዳትነግረው። ይኮራል።»

በሦስተኛው ቀን አንድ ትልቅ ሹም እንግዳ ሆነው መጡ። ድንጋዩን አንሥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩትና «ይሄ በደንብ ይጠበቅ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። እሳቸው ማኪናቸው ውስጥ ሳይገቡ የበረዶ አያት ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። ጓጉንቸር መጣ። በማግሥቱ ሁለተኛ ጓጉንቸር መጣ።

መምህሩ ጋ ሄድኩ። የሰው ዕቃ ነው፣ መልሱልኝ አልኩት። «ምን ያስጨንቅሃል፣ ተራ ድንጋይ ነው፤ ሌላ ታመጣለህ» አለኝ። ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ። «እንዴት ያለ ልጅ ነህ፣ ውድ የትምህርት ቤት ንብረት ሆኗል፤ ቁጥር ተለጥፎበታል» አሉኝ። ገባህ? አንዱ ጋ ስሄድ ምንም ስለማያወጣ አይመለስም፣ ሌላው ጋ ስሄድ ብዙ ስለሚያወጣ አይመለስም። ጠዋት ርካሽ፣ ከሰዓት ውድ። እንዲህ እየተመላለስኩ ሰኔ ደረሰና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ዳይሬክተሩም ቁልፎቹን ይዘው ለክረምቱ ወደ አገራቸው ወደ አዲስ አበባ ገቡ።

አያ ቢሻው በየገበያው ቀን በመጣ ሰው፣ ስሙን ሳይጠራ፣ «ልጁ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም «ገና እየተማረ ነው» ብዬ እልክበታለሁ። አንዴ «ፈተና ላይ ነው» አልኩ። «በርታ በሉት» ብሎ ላከ። ነሐሴ ሲገባ ግን መላኩን ተወ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ኮሶዬ ሄድኩ።

ገብሱ አሽቷል። ሸጋ ገብስ፣ ነፋስ ሲነካው መሬቱ የሚተነፍስ የሚመስል። ድንጋዩ አለመኖሩን ከሱና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔም ተንበርክኬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ከሰዓት በኋላ ደመናው ከቆላው፣ ከድብ ባሕር በኩል ገደሉን እየቧጠጠ ወጣ። ሆዱ ጥቁር፣ ጠርዙ አረንጓዴ። ሰው ከየቤቱ ወጥቶ አያ ቢሻውን አየ። እሱም ጋቢውን አጣፋ፣ ወደ አፋፉ ወጣ፣ እኔም ተከተልኩት።

ቀኝ እጁን አነሣ። ጡጫው እንደተጨበጠ ነው። ከታች ያሉት ድንጋዩን የያዘ መስሏቸዋል። እኔ ከጎኑ ነኝ፤ ጡጫው ባዶ መሆኑን አውቃለሁ። ነፋሱ ዝም አለ። ወፍ ዝም አለ። ደመናው መጥቶ ፊታችን ላይ ቆመ። እውነቴን ነው፣ ቆመና አየን። እኔ ያን ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ፤ ልጅ ሆኜ ያየኋት የድንጋዩ ውስጥ መንደር ይቺ ነች፣ ጭጋጓ ውስጥ የሚኖሩትም እኛው ነን እያልኩ አስባለሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ደመናው ትከሻውን እንደሚያዞር ሰው ቀስ ብሎ ዞረ፤ ወደ ጎንደር ሄደ።

ነፋስ ነው ትለኛለህ። ነፋስ መሆኑን አውቃለሁ! እኔም እኮ ሳይንስ ተምሬያለሁ፣ አትሳቅ። ክርክሬ እሱ አይደለም።

ከታች እልልታው ቀለጠ። ማታውኑ ከከተማ የመጣ ሾፌር በረዶው ጎንደርን እንደደበደባት፣ የትምህርት ቤቱንም ቆርቆሮ እንደበሳሳው አወራ። የኮሶዬ ሰው «በረዶውም ሊማር ትምህርት ቤት ገባ» እያለ ሲስቅ አመሸ፤ ድንጋዩ እዚያ እንዳለ የነገራቸው የለም። በማግሥቱ አያ ቢሻውን ሊያመሰግኑ ጠላ ይዘው መጡ። የዘንድሮው ከድሮውም በረታ አሉት። እሱ አልጠጣም።

ሲሄዱ እጁን ዘረጋና መዳፉን ያየው ጀመር። ዕድሜ ልኩን የጨበጠው ድንጋይ ስድስት ጎኑን መዳፉ ላይ አትሞበታል። ደስ ያለህ መስሎኝ ነበር፣ አልኩት።

«ምነው ደስ ይለኛል?» አለ። «ባዶ እጄን አሳይቼው ተመለሰ። እስከ ዛሬ የፈራው እሱን ነው ወይስ እኔን? ወይስ ማንንም አልፈራም? አምጣልኝ፣ ልጄ፤ እሱን ይዤ አንድ ጊዜ ልቁም። አለዚያ ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሳደርግ እንደኖርኩ ሳላውቅ ነው የምሞተው።»

ይኸውልህ፣ አስማረ። አንተ የሳቅከው በዚህ ነው። በረዶው ቢመታን ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ ድንጋዩ ስለሌለ ነው ይል ነበር። አሁን ሰው ሁሉ እያከበረው እሱ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ መዳፉን ያያል። ገብሱ ሳይታጨድ አንድ ደመና ይመጣ እንደሆነ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ከርሞ ነው፣ እሱ ደግሞ ከርሞን አያምናትም።

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው መስከረም ና አለኝ። ሲዞር ጠብቄ አጥሩን ዘለልኩና በመስኮቱ አየሁት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተጋድሟል፤ ቁጥሩ የተለጠፈው ልክ ያቺ ጭጋግ ያለችበት ላይ ነው። መንደሯን ሸፍኗታል። ጫፉ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ሰማይ አይታየውም። መስታወቱን በድንጋይ ልሰብረው እጄን አንሥቼ ነበር፤ የያዝኩትን ሳየው ግን እሱም ነጭ ነው፣ ዘመዱ። አስቀመጥኩት።

ይሄን ካሴት ከሰማህ በኋላ ዳይሬክተሩ የሚያርፉበትን ቤት ታውቀዋለህና ወስደህ አሰማቸው። እስካሁን ላንተ ነው የተናገርኩት፣ ይቺ የመጨረሻዋ ለሳቸው ናት። ጌታዬ፣ የበረዶ አያት ምንም የማያደርግ ተራ ድንጋይ ነው ብላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፋችሁበት የለም ወይ? ታዲያ ማንን ፈርታችሁ ነው በሁለት ጓጉንቸር የቆለፋችሁበት?